የሰንሰለት ጥልፍ ለምትጀምሩ፦ ክሩን አታጥብቁት

ለጥምቀት የጎንደር ቀሚስ በእጃችሁ ልትጠልፉ ያሰባችሁ እህቶቼ፣ ከሰንሰለት ጥልፍ ጀምሩ። መስመሩ ሞላ ብሎ ይታያል፤ ሐረግም መስቀልም ያወጣል።

መርፌውን ከጨርቁ ስር አውጡ፤ ክሩን እንደ ቀለበት አዙራችሁ በግራ አውራ ጣት ያዙት። ከዚያ መርፌውን በዚያው በወጣበት ቀዳዳ መልሳችሁ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ወደፊት አውጡት፤ ጫፉ በቀለበቱ ውስጥ ይለፍ። ቀጣዩ ቀለበት የሚነሳው ከዚያ ነው።

እኔን መጀመሪያ ያስቸገረኝ መጎተቱ ነው። ክሩ ሲጠብቅ ቀለበቱ ይጨፈለቅና ሰንሰለትነቱ ይጠፋል። ሸማ ደግሞ ሽመናው ሳሳ ያለ ስለሆነ ወዲያው ይሸበሸባል። ከስሩ ስስ የጥጥ ገበር አድርጉ፣ በክብ የጥልፍ ፍሬም ወጥሩት፤ ቀለበቱ ጨርቁ ላይ ተኛ ሲል መጎተቱን አቁሙ።

ማዕዘን ላይ (የመስቀል ጥልፍ ማዕዘኑ ብዙ ነው!) ዝም ብላችሁ አትታጠፉ፣ ጫፉ ይደንዛል። የመጨረሻውን ቀለበት በትንሽ ስፌት እሰሩት፤ መርፌውን በቀለበቱ ውስጥ መልሳችሁ አውጡና በአዲሱ አቅጣጫ ቀጥሉ። ስትጨርሱም አስተሳሰሩ ያው ነው።

ከቅዳሜ ገበያ የገዛችሁት ክር ባለ 6 ዘለላ ከሆነ 2 ወይም 3ቱን ብቻ ለዩ። ከክንድ አስረዝማችሁ አትቁረጡ፣ ይወሳሰባል። ቀይና ጥቁሩን ደግሞ አስቀድማችሁ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ እሹት፤ ቀለም ከለቀቀ ነጩ ሸማ ላይ አታሳርፉት።