ትንንሽ የቆዳ ቁስሎችን በቤት ውስጥ ስለ ማከም

እንደ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ባሉ የአዲስ አበባ ዳርቻዎች የአጥር ቆርቆሮ የቧጨረው እጅና ጠጠር ላይ ወድቆ የተላጠ ጉልበት የተለመደ ነው። በቅድሚያ እጅን በሳሙና ታጥቦ፣ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያህል ሳይገልጡ መጫን ደሙን ያቆመዋል። ቀጥሎ አፈሩና አሸዋው እስኪወጣ ድረስ በሚወርድ ንጹሕ ውኃ ማጠብ ይገባል፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ክዳን ያለው ጀሪካን ሞልቶ ማስቀመጥ ለዚህም ይጠቅማል። የቡና ዱቄት መነስነስ የቆየ ልማድ ቢሆንም፣ ቆሻሻ ይዞ ስለሚገባ ቢቀር ይሻላል። ከዚያ ስስ ቫዝሊን ቀብቶ በፕላስተር ወይም በፋሻ መሸፈንና በየቀኑ መቀየር ያስፈልጋል። አፈር የነካው ወይም ጥልቅ ቁስል ያለበት ሰው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ካልወሰደ ወይም ከወሰደ 5 ዓመት ካለፈው፣ እንዲሁም ቁስሉ አብጦ መግል ከያዘ፣ ሳይዘገይ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ለመከላከል ደግሞ ቆርቆሮ ሲቆርጡ ወፍራም ጓንት ማድረግና የአጥሩን ስለታም ጠርዝ ወደ ውስጥ ማጠፍ ይረዳል።