ዘ ብሉ ላምፕን ሳትሰለቹ ለማየት

የድሮ የእንግሊዝ የወንጀል ፊልም ከፍታችሁ አስር ደቂቃ ሳይሞላ ያጠፋችሁ ካላችሁ ይሄ ለናንተ ነው። በዘ ብሉ ላምፕ ጀምሩ፣ በ1950 እ.ኤ.አ. የወጣ የኢሊንግ ስቱዲዮ ፊልም ነው፣ ዳይሬክተሩ ባሲል ዲርደን፣ አንድ ሰዓት ተኩል እንኳን አይሞላም።

ሰብታይትል ክፈቱ፣ እንግሊዝኛ እችላለሁ የምትሉም ክፈቱ፣ የለንደን ሰፈር አነጋገር ጉድ ነው እኔ መጀመሪያ ሳየው ግማሹ አምልጦኛል። መግቢያው ላይ አንድ ድምፅ ስለ ዱርዬ ወጣቶች ይሰብካል፣ እሱን ቻሉት።

ዋናው ነገር ግን የመጀመሪያውን ግማሽ እንዳታሳልፉት! ምንም የለውም ትላላችሁ አውቃለሁ፣ ጆርጅ ዲክሰን የሚባል ጡረታው የደረሰ ፖሊስ ፓዲንግተን አካባቢ በእግሩ ይዞራል፣ ሚቸል የሚባለውን አዲስ ልጅ ስራ ያሳየዋል፣ ቤቱም ያስቀምጠዋል፣ አበባውን ይንከባከባል፣ በቃ። ሰውየውን እንድትለምዱት እኮ ነው። ከዛ ሲኒማ ቤት ሲዘረፍ (ስፖይለር ነው ይቅርታ) ዲርክ ቦጋርድ የሚጫወተው ራይሊ የሚባል ወጣት ዘራፊ ሽጉጥ ደግኖ ይተኩስበታል፣ ዲክሰን ደሞ ባዶ እጁን ነው ምክንያቱም እዛ ተራ ፖሊስ መሳሪያ አይዝም። እዚህ ጋ ራይሊን እዩት፣ ጀግና አይደለም ፈርቷል፣ የሚያስፈራውም እሱ ነው።

ቀጥሎ ዲክሰን ሆስፒታል ገብቶ ይሞትና ሚስቱ መርዶውን የምትሰማበት ቦታ አለ፣ ለሆስፒታል ያዘጋጀችው አበባ አለ፣ ስትሰማ አትጮህም፣ አበባውን ውሃ ውስጥ ላስቀምጠው ብላ ትሄዳለች። እኔ ለዚች ብቻ ሶስቴ አይቼዋለሁ።

ሁለተኛ ስታዩት ታሪኩን ተዉትና ጀርባውን እዩ፣ ብዙው እውነተኛ መንገድ ላይ የተቀረፀ ስለሆነ ሁለተኛው የአለም ጦርነት ያፈረሰው ቤት ሳይነሳ ታገኙታላችሁ። መጨረሻ ላይ ዋይት ሲቲ የውሻ ውድድር ስታዲየም ውስጥ አወራራጆቹ በእጅ ምልክት እየተጠቋቆሙ ገዳዩን ሲያስይዙ ትንሽ የተጋነነ ይመስለኛል፣ ወንጀለኛው ሁሉ ባንዴ ለፖሊስ አዛኝ ሆነ ማለት ነው? ግን በህዝብ መሀል የሚደረገው ፍለጋ ያንጠለጥላል።

ደሞ ጉግል ስታደርጉ አልሞተም እንዴ እንዳትሉ፣ ቢቢሲ በ1955 ዲክሰንን ከመቃብር አውጥቶ እስከ 1976 ድረስ በቲቪ አሰርቶታል፣ ያው ተዋናይ ጃክ ዋርነር፣ ሰማንያ አመቱ ድረስ ፖሊስ ሆኖ!