አንዱ ዲስክ ሲሞት ማንም አይሰማም፦ መንታ ሃርድ ዲስኮችን ስንፈትሽ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቸርችል ጎዳና አጠገብ ካለ አንድ የሒሳብ ሥራ ቢሮ የተጠራሁት ለፕሪንተር ነበር። እግረ መንገዴን የሰርቨሩን ዲስኮች ተመለከትሁ፤ አንድን መረጃ እኩል የሚይዙ መንታ ዲስኮች ናቸው። በሁኔታ መግለጫው ላይ ሁለት «ዩ» (U) ፊደል፣ ለእያንዳንዱ ደህና ዲስክ አንድ፣ መታየት በሚገባው ቦታ አንድ «ዩ» እና አንድ ሰረዝ ተቀምጠዋል። መዝገቡን ሳገላብጥ ከመንታዎቹ አንዱ ከሞተ አምስት ወር አልፎታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ደመወዝ ተሠርቷል፣ ግብር ተከፍሏል፣ ማንም አልጠረጠረም።

ትልቁ ስህተት ይኸው ነው፤ «ሰርቨሩ እየሠራ ስለሆነ ዲስኮቹ ደህና ናቸው» ማለት። ሬይድ 1 የሚባለው ይህ የመንታ ዲስኮች አሠራር አንዱ ዲስክ ሲወድቅ ሥራ እንዳይቋረጥ የተዘጋጀ ነውና ጉዳቱን ከተጠቃሚው ይሰውራል። ሊኑክስ በተባለው ስርዓተ ክወና ላይ ኤምዲአድም የሚባለው ፕሮግራም ዲስኮቹን እየተከታተለ ብልሽት ሲያይ ኢሜይል ይልካል። በዚያ ቢሮም ልኳል፤ የላከው ግን ማንም ከፍቶት ወደማያውቅ የሰርቨሩ የውስጥ ሳጥን ነበር። የሙከራ መልእክት ላኩና ስልካችሁ ላይ መድረሱን በዓይናችሁ እዩ።

ሁለተኛው ስህተት፣ ስማርት የተባለው የዲስኩ የራስ ምርመራ «አልፏል» ሲል እንደ ሐኪም ማስረጃ መቀበል ነው። ያ ፍርድ አምራቹ ያስቀመጠው ገደብ እስኪጣስ ድረስ አይለወጥም። ይልቅ ቁጥሮቹን አንብቡ። በስማርት ዝርዝር ውስጥ ተራ ቁጥር 5 በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮችን (የዲስኩን ትናንሽ የመረጃ ክፍሎች)፣ 197 ለማንበብ አስቸግረው ውሳኔ የሚጠብቁትን፣ 198 ጭራሽ ያልተነበቡትን ይቆጥራሉ። እነዚህ ከሳምንት ሳምንት ከጨመሩ አዲስ ዲስክ ግዙ። 199 ብቻውን ሲጨምር ግን ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ኬብሉ ነው። ኬብል ሳይቀይር ደህና ዲስክ የጣለ ሰው አውቃለሁ፤ እኔው ነኝ። ሁሉም ዜሮ ቢሆንም አትዘናጉ፤ የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ከወደቁት ዲስኮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጥናቱ በለያቸው አራት ዋና ዋና የስማርት ምልክቶች ምንም አላሳዩም ነበር።

ሦስተኛው፣ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር አለማስነበብ ነው። ለዓመታት ያልተከፈተ ፋይል ያለበት ሴክተር መበላሸቱ የሚታወቀው ሲነበብ ብቻ ነው። አንዱ መንታ ሞቶ አዲስ ሲተካ የቀረው ዲስክ በሙሉ ይነበባል፤ ያን ጊዜ የተደበቀው ጉድ ይወጣል። ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ሙሉው ፍተሻ በፈረንጆች ወር የመጀመሪያ እሑድ በራሱ ይጀምራል። ቅዳሜ ሰርቨሩን አጥፍታችሁ የምትሄዱ ከሆነ ግን መደረጉን አረጋግጡ።

የሞተውን ትቶ ደህናውን መንቀልም አለ። ሊኑክስ ለዲስኮቹ የሚሰጠው ስም ማሽኑ ሲነሣ ሊቀያየር ስለሚችል፣ የምታምኑት ዲስኩ ላይ የታተመውን መለያ ቁጥር ይሁን። ቁጥሩን አስቀድማችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ከፊት ለፊት ለጥፉ።

በዚያ ቢሮ ወረቀት አልተለጠፈም። ከመፍታቴ በፊት የመረጃው ቅጂ የት እንዳለ ጠየቅሁ። የሒሳብ ሠራተኛዋ «እዚሁ ሰርቨሩ ውስጥ ነው፣ ወንድሜ» አለችኝ። የያዝሁትን መፍቻ አስቀምጬ ውጫዊ ዲስክ እንዲገዙ ላክኋቸው።