ሚኒሞ ላይ የሚንቀጠቀጥ መኪና፦ ብሎኗን ተዉአት

ሰሞኑን አንድ ልጅ 2003 ሞዴል ኮሮላውን ይዞ መጣ። ትራፊክ መብራት ላይ ሲቆም፣ ማለትም ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ)፣ ይንቀጠቀጣል፤ ኤሲ ሲከፍት ይጠፋበታል። ካንዴላ ቀይሯል። አራቱንም ቦቢና ቀይሯል። የነዳጅ ፓምፕም ቀይሯል። ኮፈኑን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት የስሮትሉን (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍትና የሚዘጋውን በር) ማቆሚያ ብሎን ነው። ጭንቅላቷ በካቻቢቴ ተበልቷል።

እባካችሁ ይቺን ብሎን አትንኩ! ድሮ ነዳጅና አየር በሚቀላቅለው ካርቡራቶር ላይ ሚኒሞ በብሎን ይስተካከል ነበር፤ እኔም ሙያውን የለመድኩት በዚያ ነው። ኢንጀክሽን (ነዳጁ በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጭበት ሞተር) ላይ ግን ሚኒሞውን የሚጠብቀው ኮምፒውተሩ ነው። በሚኒሞ ቫልቩ በኩል አየሩን ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ብሎኗን ስታዞሩ ስሮትሉ በግድ ተከፍቶ ይቀራል። ሞተሩ ለሳምንት ይረጋጋል፤ በሽታው ግን ውስጥ ነው። ቀጥሎ የሚያየው መካኒክ ደግሞ ሁለት ችግር ይጠብቀዋል።

የልጁ መኪና ችግር ከስሮትሉ ጀርባ ያለች አንዲት የተሰነጠቀች የቫኩም ቱቦ ነበረች። በስንጥቁ የሚገባውን አየር ኤር ፍሎው ሴንሰሩ (አየር የሚለካው) አይቆጥረውም፤ ስለዚህ ነዳጁ ያንሳል። ቱቦዋን ቀየርኩ፣ ብሎኗን ወደ ቦታዋ መለስኩ፣ መኪናዋ በደቂቃ 700 ዙር ላይ ቁጭ አለች። ለፓምፑ የወጣው ብር ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስንጥቅ ስትፈልጉ ሞተሩን አስነስታችሁ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በፒንሳ ጫን አድርጉ። ድምፁ የተለወጠበት ቱቦ ላይ አተኩሩ። በሃይላንድ ቤንዚን ይዘው የጋለ ሞተር ላይ የሚረጩ አሉ። እሳት ነው፣ ተዉ።

የብልሽት ኮድ በማሽን አንብቦ ወዲያው መለዋወጫ ለመግዛት ሶማሌ ተራ መሮጥም አለ። ፒ0171 ሲወጣ ብዙዎች ኦክስጅን ሴንሰር ይገዛሉ። ኮዱ የሚለው ነዳጁ ከአየሩ አንሷል ብቻ ነው። በማሽኑ ፊውል ትሪሙን (ኮምፒውተሩ ነዳጁን ምን ያህል እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳየውን ቁጥር) እዩ። ሚኒሞ ላይ 20 ከመቶ ጨምሮ 2,500 ዙር ላይ ወደ ዜሮ ከተጠጋ፣ አየር እየገባ ነው። ነዳጅ ስትረግጡ ከባሰበት ወደ ፊልትሮውና ፓምፑ ሂዱ።

ስሮትሉን ሳያጸዱ ሚኒሞ ቫልቭ መቀየር የገንዘብ ብክነት ነው።

ኤር ፍሎው ሴንሰሩን በጨርቅም በኮምፕሬሰርም አታጽዱ። ለእሱ የተሠራ ስፕሬይ አለ። እኔ አንድ ጊዜ የደንበኛዬን በኮምፕሬሰር ነፍቼ ቀጭኗን ሽቦ በጠስኩ፤ ከኪሴ ገዝቼ ተካሁ።

ጠዋት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ፣ ሌላውን ከመፍታታችሁ በፊት የውሃውን ሙቀት ሴንሰር ለኩ።