በሚያስል ታማሚ ራጅ ላይ «ኢንተርስቲሻል ለውጥ» ሲነበብ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

እዚህ ሀዋሳ ሳል ሲቆይባቸው ወደ ሕክምና የሚመጡ ብዙ ታማሚዎች የራጅ ውጤት ይዘው ይቀርባሉ። ወረቀቱ ላይ «በሁለቱም ሳንባዎች ኢንተርስቲሻል ለውጥ ይታያል» የሚል ሲገኝ ታማሚው፣ አንዳንዴም ባለሙያው፣ የበሽታው ስም የታወቀ ይመስላቸዋል። የሌሎቹ ስህተቶች ምንጭ ይህ ነው። አገላለጹ የሚነግረን በሳንባ የአየር ከረጢቶች መካከል ያለው ስስ ግድግዳ መወፈሩን ብቻ ነው፤ ያወፈረው ፈሳሽ ይሁን ኢንፌክሽን፣ ጠባሳ ይሁን ካንሰር፣ ፊልሙ ብቻውን አይለይም።

ፊልሙን ራሱን አለመጠራጠርም ስህተት ነው። ታማሚው አየር በደንብ ሳይስብ የተነሳ ራጅ ጤነኛውን ሳንባ የታመመ ያስመስለዋል።

በአገራችን ሳልና እንዲህ ያለ ራጅ ሲገጣጠሙ ሐሳብ በቀጥታ ወደ ቲቢ ይሄዳል፤ መሄዱ ተገቢ ነው፣ ጥፋቱ እዚያው መቅረቱ ነው። በተቃራኒው ደግሞ የአክታ ምርመራው ነጻ ስለሆነ ብቻ ቲቢን መሰረዝ አይገባም፤ በደም ተሠራጭቶ ሳንባውን እንደ ጤፍ ፍሬ በደቃቅ ነጠብጣቦች የሚሞላው ቲቢ በአክታ ላይ ላይገኝ ይችላል። የኤችአይቪ ምርመራም መዘለል የለበትም፤ ደረቅ ሳልና በሳምንታት ውስጥ እየባሰ የሚሄድ የትንፋሽ ማጠር ያለበት ሰው የሰውነት መከላከያ ሲዳከም የሚመጣው ኒሞሲስቲስ የተባለ የሳንባ ምች ይዞት ሊሆን ይችላል።

በእኔ እይታ ከሁሉ በላይ የሚረሳው ልብ ነው። አንዲት ወጣት ሴት የቲቢ መድኃኒት ብትጀምርም ሳሉ አልተዋትም ነበር። ሌሊት ላይ እንደሚብስባትና ሁለት ትራስ ደርባ እንደምትተኛ የነገረችን ስትጠየቅ ነው። ፊልሙን ከመስኮቱ ብርሃን ፊት ሳቆመው በታችኛው የሳንባ ጠርዝ ላይ አጫጭር አግድም መስመሮች ነበሩ። የልብ አልትራሳውንድ ሲነሣ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሳቢያ በሚመጣው የሩማቲክ በሽታ የልቧ በር ጠብቦ ተገኘ፤ በሳንባዋ ውስጥ የተጠራቀመው ፈሳሽ ነበር።

ሌላው ስህተት ሥራን፣ ማዕድ ቤትንና የመድኃኒት ከረጢትን አለመጠየቅ ነው። ድንጋይ የሚጠርብ ሰው የሲሊካ ብናኝ ይስባል፤ የሻገተ እህል የምታገላብጥ ወይም እርግብ የምታረባ ሴት ሳንባዋ በአለርጂ ሊቆጣ ይችላል፤ ጭስ በሞላበት ጎጆ ዘመናቸውን እንጀራ ሲጋግሩ የኖሩ እናትም አሉ። በ2016 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በተከፈተው የከተማችን ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራ ሰው ሲመጣ ደግሞ ሁሉንም በጥጥ ማመካኘት ይቀናል፤ የጥጥ ብናኝ ግን በዋናነት የሚጎዳው የአየር ቧንቧዎችን ስለሆነ ለዚህ ዓይነቱ ለውጥ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይገባል። ከመድኃኒቶች መካከል ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚሰጠው ናይትሮፉራንቶይን፣ ለመገጣጠሚያ በሽታ የሚሰጠው ሜቶትሬክሴትና ለልብ ምት መዛባት የሚሰጠው አሚዮዳሮን ይታወቃሉ። «እማማ፣ የሚወስዱትን ሁሉ ይዘው ይምጡ» ማለት ከብዙ ምርመራ ይቀድማል፤ የመገጣጠሚያው በሽታ ራሱም ቢሆን ሳንባን ሊያጠቃ እንደሚችል ሳይረሳ።

ምክንያቱ ሳይለይ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክመውን ፕሬድኒሶሎን መጀመር አደገኛው ስህተት ነው። የተደበቀ ቲቢን ያባብሳል። በዕድሜ የገፉ፣ የጣታቸው ጫፍ የወፈረና ከጀርባቸው ሥር ሲደመጥ የልጅ ጫማ ማጣበቂያ ሲላቀቅ የሚመስል ድምፅ የሚሰማባቸው ሰዎች ደግሞ ምክንያቱ የማይታወቀው የሳንባ ጠባሳ ሊኖርባቸው ይችላል፤ ለዚህ በሽታ የፕሬድኒሶሎን ዘመድ የሆነውን ፕሬድኒሶንን አዛታዮፕሪንና ኤን አሲቲል ሲስቲን ከተባሉ መድኃኒቶች ጋር መስጠት ሞትን እንደሚጨምር በ2012 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በወጣ ጥናት ታይቷል። እንዲህ ሲጠረጠር ተገቢው እርምጃ ሳንባን በስስ ቁራጭ የሚያሳይ ሲቲ ስካን ነው።

በመጨረሻም ኦክስጅንን በተቀመጡበት ብቻ ለክቶ «ደህና ነው» ማለት አይገባም። ወንበር ላይ የደም ኦክስጅን 93 በመቶ ያሳየው መለኪያ ታማሚው ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ሲመለስ 84 ሊያሳይ ይችላል።