የሙዮን ቆጠራው ወረደ? ፀሐይን ከመጠርጠራችሁ በፊት

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ሙዮን (የጠፈር ጨረር ከላይኛው አየር ጋር ሲጋጭ የሚፈጠር ቅንጣት) ለምትቆጥሩ ተማሪዎችና መምህራን ነው የምጽፈው። ፀሐይ ቆጠራውን በእርግጥ ትነካለች። ግን እኛ ጋ የእሷ ድርሻ ትንሽ ስለሆነ በሌላ ነገር በቀላሉ ይሸፈናል።

ቆጠራው ቀን ቀን ብቻ ይጨምራል። ብርሃን እየገባ ነው። ክፍሉን አጨልሙና በሲንቲሌተሩ (ሙዮን ሲያልፍበት ብልጭ የሚለው የመቁጠሪያው ክፍል) ጥግ ጥግ ላይ ባትሪ አብሩበት። ቁጥሩ ዘለል ያለበትን ቦታ በጥቁር ፕላስተር ደርባችሁ ዝጉት።

ዝም ብሎ ይዋዥቃል። በአንድ ጊዜ የቆጠራችሁት ሙዮን ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ነው። 10 በ10 ሳንቲሜትር የሆነ ሲንቲሌተር በደቂቃ 100 ገደማ ሙዮን ያገኛል። በሰዓት 6,000 ቢሆን እንኳ የዘፈቀደ መዋዠቁ 1.3 በመቶ ነው። የቀን ድምር ተጠቀሙ።

ጠዋት 4 ሰዓት ይወርዳል፣ ከሰዓት 10 ሰዓት ይወጣል። የአየር ግፊት ነው። በእኛ አካባቢ ግፊቱ በቀን ሁለቴ ከፍና ዝቅ ይላል። ሲጨምር ከላያችን ያለው አየር ስለሚከብድ ብዙ ሙዮን መንገድ ላይ ይቀራል፤ በ1 ሄክቶፓስካል ከ0.1 እስከ 0.2 በመቶ ገደማ። የግፊት ሴንሰር አብራችሁ አስቀምጡ። የጥቂት ሳምንታት ቆጠራን ከግፊቱ ጋር በግራፍ አስቀምጡት፤ የመስመሩ ስሎፕ ማረሚያችሁ ነው።

ከታረመ በኋላም በሰዓታት ውስጥ ወርዶ በቀናት ቀስ ብሎ ያገግማል። አሁን ፀሐይን ጠርጥሩ። ከፀሐይ የተወረወረ መግነጢሳዊ ደመና ምድርን ሲያልፍ የጠፈር ጨረርን ይገፋል። ስኮት ፎርቡሽ በ1937 እ.ኤ.አ. ያስተዋለው ይህንን ነው። እኛ ያለነው መግነጢሳዊው የምድር ወገብ አጠገብ ነው። የምድር መስክ ደካማዎቹን ቅንጣቶች አስቀድሞ ያግዳል፤ የሚያልፉት ኃይለኞቹ ለፀሐይ ደመናም በቀላሉ አይበገሩም። ስለዚህ ፊንላንድ ያለው የኡሉ ኒውትሮን መቁጠሪያ (እሱም የጠፈር ጨረርን የሚከታተል ጣቢያ ነው) ብዙ ሲወርድ የእናንተው ጥቂት ብቻ ቢወርድ አይግረማችሁ። ኡሉ ጨርሶ ካልወረደ ግን ችግሩን ቤታችሁ ፈልጉ።

ከኡሉ ጋር ሰዓቱ አይገጥምም። የኡሉ ዳታ በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለማምጣት 3 ቀንሱ፤ የእነሱ 12 የእኛ ከሰዓት 9 ነው። 3 የምትደምሩት ኮምፒውተሩ በፈረንጅ ሰዓት ሲመዘግብ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚቀር ከሆነ፣ ባትሪ ያለው የሰዓት ሞጁል ግጠሙለት።