የክልልና የፌዴራል ፓርቲ ይለይ ስትሉ

ደብረ ማርቆስ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። በየዓመቱ አንዱ ተማሪ ይህን ሐሳብ ጽፎ ያመጣልኛል፦ ለክልል ምክር ቤት የሚወዳደር ፓርቲ ለፌዴራሉ አይወዳደር። ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ አጻጻፋቸው ነው የሚያቃጥለኝ።

አንደኛ፣ ምዝገባን መለየት አድርጎ መቁጠር። የምርጫና የፓርቲ ምዝገባ አዋጅ 1162/2011 ለአገር አቀፍ ፓርቲ 10,000፣ ለክልላዊ 4,000 መሥራች አባላት ይጠይቃል። «ይኸው ሕጉ ለይቷቸዋል» ይሉኛል። ኧረ የት! አገር አቀፉ ለክልል ምክር ቤት፣ ክልላዊውም ለተወካዮች ምክር ቤት ይወዳደራል። ስምም አይለይም። ብአዴን በ2011 አዴፓ ተባለ፣ በ2012 ብልጽግና ውስጥ ገባ፤ እኛ ሰፈር የተቀየረው ታፔላው ነው። ካናዳ ውስጥ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክልል ሊበራሎች ግን ከፌዴራሉ ሊበራል ጋር ስም እየተጋሩ ለዓመታት ለየብቻ ኖረዋል። እናንተ ልጆች፣ ስሙን ተዉትና ዕጩውን ማን ያጸድቃል፣ ብሩ ከየት ይመጣል፣ ያፈነገጠውን ማን ያባርራል ብላችሁ ጠይቁ።

የጀርመኗን ክልል ባቫሪያን በምሳሌነት አታምጡ። የዚያ ክልል ፓርቲ ለክልሉም ለፌዴራሉም ይወዳደራል፣ በርሊን ላይም ከእህት ፓርቲው ጋር አንድ ቡድን ሆኖ ይቀመጣል።

የምርጫውን ቀን መርሳት ደግሞ አለ፤ የክልሉና የፌዴራሉ ድምፅ የሚሰጠው በአንድ ቀን ነው። ለሰኔ 14 ቀን 2013ቱ ምርጫ ገጠር ወርጄ መራጮችን ሳስተምር የሁለቱን ምክር ቤቶች የናሙና ድምፅ መስጫ ወረቀቶች ለአንድ አባት ሰጠኋቸው። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ እጃቸው ይዘው ሲያመሳክሩ ቆዩና «ልጄ፣ ምልክቱ ያው ከሆነማ አንዱ አይበቃም? በሬዎቼ ተጠምደው ቆመዋል» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ማዳበሪያ ሲዘገይ እኚህ ሰው ማንን በድምፃቸው ይቅጡ? ከውጭ ገዝቶ የሚያስገባው የፌዴራል ተቋም ነው፤ ክልሉ በዩኒየንና በመሠረታዊ ማኅበር ያዳርሳል። ሁለቱንም ወንበር የያዘው አንድ ፓርቲ ሲሆን የክልሉ ሹም «ጥፋቱ የላይኛው ነው» ለማለት እንኳ አፍ የለውም።

የፌዴሬሽን ምክር ቤትንም አትዝለሉት፤ አባላቱን የሚመርጡት የክልል ምክር ቤቶች ስለሆኑ የክልል ፓርቲ በዚያ በር አዲስ አበባ ይገባል።

እኔም ከስህተት አላመለጥኩም። በጀማሪነቴ «ማንም ሰው የሁለቱም አባል እንዳይሆን በሕግ ይከልከል» ብዬ ጽፌ ነበር። አንድ የሕግ ባለሙያ ጓደኛዬ ዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አንቀጽ 31ስ?» ብሎ መለሰልኝ፤ በሕገ መንግሥቱ ያለውን የመደራጀት መብት ጭራሽ ዘንግቼዋለሁ። ወረቀቱ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ልጆቹን በጣም የተቆጣሁ ቀን አወጣላቸዋለሁ።